አባቴ ኬላው አጠገብ ቤት ተከራየ

ጡረታ የወጣ አባት ወይም እናት ካላችሁ፣ ከእህት ወንድሞቻችሁም አንዱ ውጭ አገር የሚኖር ከሆነ ይህቺን ጥያቄ ታውቋታላችሁ፦ «እዚያ ብቻውን ምን ይሠራል? ለምን እኔ ጋ አይመጣም?» ጥያቄዋ አጭር ናት። መልሷ ውስጥ ግን የቤት ኪራይ አለ፣ ቪዛ አለ፣ የጡረታ ብር አለ፣ የደም ግፊት መድኃኒት አለ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የአንድ ትልቅ ሰው ክብር አለ።

በእኛ ቤት ጥያቄዋ የመጣችው ከሐርጌሳ ነው። እህቴ ነርስ ናት፤ እዚያ በአንድ የግል ሆስፒታል መሥራት ከጀመረች ስድስት ዓመት አልፏታል። ባሏ ጅግጅጋ ተወልዶ ያደገ መካኒክ ነው፤ ሁለት ልጆች አሏቸው። «ውጭ አገር» ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው አሜሪካን፣ ካናዳን ወይም ዱባይን ነው። ከጅግጅጋ ወደ ምሥራቅ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዛችሁ ቶጎጫሌ ብትደርሱ ግን ውጭ አገር ማለት ከኬላው ማዶ የሚታየው ሰፈር ነው። ማዶው ሶማሌላንድ ነው፤ በ1991 እ.ኤ.አ. ራሷን ነፃ አገር ብላ ያወጀችው። ከዚያ ሐርጌሳ በመኪና የሁለት ሰዓት ያህል መንገድ ናት።

አባቴ 34 ዓመት ሂሳብ አስተምሮ በ60 ዓመቱ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። እናታችን ካረፈች ወዲህ ጀሞ ባለችው ኮንዶሚኒየም ብቻውን ነበር የሚኖረው። እኔ እዚሁ አዲስ አበባ ብሆንም ከሥራ የምወጣው መሽቶ ነው፤ ትራፊኩ ተጨምሮበት የማገኘው በሳምንት አንዴ ቢሆን ነው። ቴሌቪዥኑ ቀኑን ሙሉ ይጮኻል፤ የሚያየው የለም። ጎረቤቱ «አባትህ ሰሞኑን ዝም ብለዋል» ካለኝ በኋላ እኔም ስጋት ገባኝ። ስለዚህ እህቴ «አባዬን ላክልኝ» ስትል እምቢ ያለ አልነበረም። የተከራከርነው በቀጣዩ ጉዳይ ላይ ነው። የት ይኑር?

እህቴ ያሰበችው ቀላል ነበር። ኮንዶሚኒየሙ ይሸጥ፣ ገንዘቡ ይቀመጥ፣ አባዬ እነሱ ቤት ይግባ። በቃ። አባቴ ግን «ወረቀትና እስክሪብቶ አምጣ» አለኝ። መምህር ነውና ነገር የሚጥመው ሲጻፍ ነው።

መጀመሪያ የጻፈው ጡረታውን ነው። የመንግሥት ሠራተኛ ጡረታ የሚሰላው በመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዝ ነው። ለመጀመሪያዎቹ 10 ዓመታት አገልግሎት 30 በመቶ ይያዛል፤ ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመራል፤ ጣሪያው 70 በመቶ ነው። አባቴ 34 ዓመት ስላገለገለ 24ቱን ዓመት በ1.25 አባዛና 30 አገኘ፤ ከ30 ጋር ደመረው፤ 60 በመቶ። ማለትም አርባ በመቶው ከወዲሁ ሄዷል።

ቀጥሎ የጻፈው ምንዛሪ ነበር። ጡረታው የሚገባለት በብር ነው፤ ሐርጌሳ ላይ ቤት የሚከራየው ደግሞ በዶላር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ሲለቅ አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር አካባቢ ነበር። በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። እኛ ወጣቶቹ ያኔ የተማረርነው በስልክና በላፕቶፕ ዋጋ ነው። አባቴ ግን ወረቀቱ ላይ ያየው ሌላ ነገር ነው። «ይኼ ገንዘብ እዚህ ጡረታ ነው፤ ኬላውን ሲሻገር የልጅ የኪስ ገንዘብ ይሆናል» አለ። ወረቀቱንም አጥፎ ኪሱ ከተተ። «እሄዳለሁ፣ ልየው፤ ቤቴን ግን አልሸጥም።»

«እሺ፣ ካልተሸጠ ይከራይ» አልን። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስበው ነገር አለ። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 አዲስ አበባ ላይ የኪራይ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ይደነግጋል። ለተከራይ ትልቅ እፎይታ ነው፤ እኔም ተከራይ ስለሆንኩ ጥቅሙን አውቀዋለሁ። «ለሦስት ወር ሞክሬ ካልሆነልኝ እመለሳለሁ» ለሚል ጡረተኛ ግን ቤቱን ማከራየት ማለት መመለሻውን ለሁለት ዓመት መቆለፍ ነው። ስለዚህ ቤቱን አላከራየንም። የአክስቴ ልጅ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው፣ ገብቶበት መብራትና ውኃውን እየከፈለ እንዲጠብቀው አደረግን።

ዘመድ ግን አልተዋጠለትም። በተለይ አክስቴ። ሐምሌ 2010 መጨረሻ ላይ ጅግጅጋ ውስጥ ሰው የሞተበትና አብያተ ክርስቲያናት የተቃጠሉበትን ሁከት አልረሳችም። «ሽማግሌ ሰው ወደዚያ ይላካል?» ብላ አለቀሰች። ፍርሃቷ ከሜዳ የመጣ አይደለም፤ ማንም ሊንቀው አይገባም። አማቻችን ግን በስልክ እንዲህ አላት፦ «እትዬ፣ እናቴ እዚያው ጅግጅጋ ናት። ለእናቴ የማልመኝላትን ቦታ ለአባታችሁ አልመርጥም።»

አብሬው ሄድኩ። ከአዲስ አበባ ጅግጅጋ፣ ጋራድ ዊልዋል አውሮፕላን ማረፊያ፤ ከዚያ በሚኒባስ ቶጎጫሌ፤ ኬላውን በእግር፤ ማዶ ደግሞ መሪዋ በቀኝ በኩል የሆነች መኪና። የአንድ ወር ቪዛ ነበረው። ሐርጌሳ ደስ አለችው። መንገድ ዳር የሽልንግ ክምር እንደ ጡብ ደርድረው የሚመነዝሩትን ሰዎች ቆሞ ቆጠራቸው። ሻይ ሻጯ ሳትቀር ሒሳብ የምትቀበለው በስልክ መሆኑ ገረመው። ሊገርመው አይገባም፤ ዛድ የሚባለው የስልክ ገንዘብ አገልግሎት እዚያ የጀመረው በ2009 እ.ኤ.አ. ነው፤ የእኛው ቴሌብር ከመምጣቱ 12 ዓመት ቀድሞ። ጀሞ እያለ «ስልክ ለመደወያ ነው» ይል የነበረው አባቴ በሁለተኛው ሳምንት ቴሌብር እንዳስተምረው ጠየቀኝ።

ግን ወሩ እየገፋ ሲሄድ ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። ቤቱ ሁለት ክፍል ነው። አባቴ የልጆቹን ክፍል ወሰደ፤ ልጆቹ ወላጆቻቸው ጋ ተጨናንቀው ያድራሉ። እህቴ ብዙ ጊዜ የሌሊት ተረኛ ናት፤ ቀን ትተኛለች፤ ስለዚህ ቤቱ ውስጥ ድምፅ ማሰማት የለም። ባሏ ጋራዥ ውሎ ማታ ይመጣል። ልጆቹ እርስ በርስ የሚያወሩት በሶማሊኛ ነው። አባቴ ሶማሊኛ በላቲን ፊደል ስለሚጻፍ «ቢያንስ ማንበብ አያቅተኝም» ብሎ ነበር። ወተት ቤቱ በር ላይ ያለውን ጽሑፍ «ካኖ» ብሎ ሲያነብ የልጅ ልጁ ሆዷን ይዛ ሳቀች፤ «ሲ» የምትባለዋ ፊደል በሶማሊኛ የ«ዐ» ድምፅ ናት፤ ቃሉም «ዓኖ» ነው፣ ወተት ማለት። እሱም ሳቀ። ማታ ግን እንዲህ አለኝ፦ «34 ዓመት ሙሉ እኔ ነበርኩ የማርም። አሁን የስድስት ዓመት ልጅ ታርመኛለች። እሱስ ደግ። ግን በር ለመክፈት እንኳ የማስፈቅድበት ቤት ውስጥ ነኝ።»

እህቴን አልወቅሳትም። እንዳትሳሳቱ፣ ሁሉንም ነገር ሰጥታዋለች። ችግሩም እዚያው ላይ ነው። ሁሉ ነገር የሚሰጠው ሰው የራሱ የሚለው ነገር ያጣል።

መፍትሔውን ያመጣው አማቻችን ነው። «ለምን ቶጎጫሌ አይሞክርም? በዚህኛው በኩል ሳይሆን በእናንተ በኩል።» መጀመሪያ ቀልድ መሰለኝ። አንድ ሽማግሌ ሰው ምን ብሎ ነው የኬላ ከተማ ላይ የሚቀመጠው? ሲያስረዳ ግን ገባኝ። ከኬላው ወዲህ ከሆነ ቪዛ አያስፈልገውም። ጡረታው በብር ይገባል፣ ኪራዩም በብር ነው። ስልኩ በኢትዮ ቴሌኮም ይሠራል፤ ፋይዳው ይሠራል፤ ባንኩ ይሠራል። ክትትል ካስፈለገው ጅግጅጋ ሼክ ሐሰን ያባሬ ሪፈራል ሆስፒታል በአንድ ሚኒባስ የሚደረስ ነው። እህቴ ደግሞ ዓርብ ዕረፍት ስለሆነ ሐሙስ ከሰዓት ተነስታ ልጆቿን ይዛ ትደርሳለች።

ቤት ፍለጋው ሦስት ቀን ፈጀ። ደላላ ነበረን፤ ግን ቤቱን ያስገኘው ደላላው አይደለም። ባለቤቲቱ የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ማን ያውቀዋል?» የአማቻችን እናት ከጅግጅጋ ደውለው «እኔ አውቀዋለሁ» አሉ፤ አለቀ። እዚያ አካባቢ ከቅድሚያ ክፍያው በፊት የሚቀድመው ዋስ የሚሆን ሰው ነው። ግቢው ውስጥ ሦስት ክፍል አለ፤ ቆርቆሮ ጣሪያ፣ የውኃ በርሚል፣ አንድ የጋራ ሽንት ቤት። በወር 3,500 ብር፣ የሁለት ወር ቅድሚያ፣ ለሦስት ወር። እህቴ ከሐርጌሳ በቪዲዮ እያየች እንደ ነርስ መረመረችው፦ ውኃው በየስንት ቀኑ ይመጣል? ሌሊት ሽንት ቤት ለመሄድ መብራት አለ? ደረጃ አለው? ማታ ግቢው ውስጥ ማን ያድራል? የመጨረሻዋ ጥያቄ ከሁሉም ትልቋ መሆኗ በኋላ ነው የገባን።

ባለቤቲቱን ሁላችንም «ኤዶ» ነው የምንላቸው። በሶማሊኛ የአባት እህት ማለት ነው፤ ትልቅ ሴትን ለማክበርም ይባላል። የመጀመሪያው ማታ ሻይ በወተት አፍልተው ጠሩን። አባቴ በትህትና «ብዙ አንቆይም፤ ለሦስት ወር ነው» ሲላቸው ሳቁ። «እኛም ለሦስት ወር ነበር የመጣነው» አሉ።

ኤዶ የሐርጌሳ ሰው ናቸው። በ1988 እ.ኤ.አ. የዚያድ ባሬ መንግሥት ሐርጌሳን ከሰማይና ከምድር ሲደበድብ ሕፃን አዝለው በእግራቸው ወደ ኢትዮጵያ ተሰደዱ። ያረፉት ሐርትሼክ መጠለያ ነበር። ሐርትሼክ በዘመኑ ከዓለም ትልልቅ የስደተኛ ካምፖች አንዱ ነበር፤ ከ200 ሺህ በላይ ሰው ይዞ ያውቃል። የተዘጋው በ2004 እ.ኤ.አ. ነው። «ለጊዜው» የተባለ ሸራ ድንኳን 16 ዓመት ቆመ። ብዙዎቹ ተመለሱ፤ ኤዶ ግን ልጃቸውን እዚሁ ድረው ቶጎጫሌ ቀሩ። «ጊዜያዊ ቤት የሚባል የለም» አሉ በአማርኛ፤ አማርኛቸው የገበያ አማርኛ ነው፣ ግን ልክ ነው። «ያደርክበት ሁሉ ቤት ነው። ምንጣፍ አንጥፍ።» በማግስቱ አባቴ ምንጣፍ ገዛ።

እዚያ ስትኖሩ አንድ ነገር ይገባችኋል። ወዲያና ወዲህ ሆኖ መኖር ለቶጎጫሌ ሰው አዲስ ነገር አይደለም። የድንበሩ መሠረት የተጣለው በ1897 እ.ኤ.አ. በዳግማዊ ምኒልክና በእንግሊዝ መካከል በተፈረመው ውል ነው፤ በዚያው ውል አባሪ ላይ በሁለቱም ወገን ያሉት አርብቶ አደሮች ለግጦሽና ለውኃ መሻገር እንደሚችሉ ተጽፏል። «ቶግ» ራሱ በሶማሊኛ ክረምት ክረምት የሚሞላ ደረቅ ወንዝ ማለት ነው። አንድ ወንድም ወዲህ፣ አንዱ ወዲያ፤ ሱቅ እዚህ፣ ቤት እዚያ። አባቴን ማንም «ልጅህ ማዶ ሆና አንተ ለምን እዚህ?» ብሎ አልጠየቀውም። ያልተለመደው ለእኛ ነው።

ቀስ በቀስ ቀኑ መልክ ያዘለት። ጠዋት ላሆህ በሻይ። ከዚያ ከአወዳይ የሚመጡት የጫት መኪኖች እየበረሩ ሲያልፉ ያያል፤ «እነዚህ ልጆች ፍጥነትን እንጂ ርቀትን አልተማሩም» ይላል። ከሰዓት በኋላ የኤዶ የልጅ ልጅ ደብተሩን ይዞ ይመጣል፤ ስምንተኛ ክፍል ነው፣ ሂሳብ ያስፈራዋል። አንድ ብሎ የጀመረው በወሩ አምስት ሆነ። አሁን ሰፈሩ ውስጥ የአባቴን ስም የሚያውቅ የለም፤ ሁሉም «መዓሊን» ይለዋል፤ መምህር ማለት ነው። ክፍያ አይቀበልም። ግን ዓርብ ጠዋት በር ላይ የግመል ወተት ተቀምጦ ያገኛል፤ ማን እንዳስቀመጠው አይነገረውም።

ሐሙስ ማታ እህቴና ልጆቹ ይመጣሉ። አባቴ ቀድሞ ገበያ ወጥቶ ሥጋ ይገዛል፣ ፍራሽ ይዘረጋል፣ «ጫማ አውልቃችሁ ግቡ» ይላል። ሐርጌሳ እያለ እሱ ነበር እንግዳው። አሁን እንግዶቹ እነሱ ናቸው። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ የአባቴን ድምፅ በስልክ የሰማ ግን ልዩነቱን ያውቀዋል።

ሁሉም ነገር ማር ነው እያልኩ አይደለም። በሁለተኛው ወር አንድ ሌሊት ግፊቱ ከፍ አለና ራሱን አዞረው። እህቴ በሁለት ሰዓት ርቀት ላይ ናት፤ ኬላው ግን ማታ ይዘጋል። ኤዶ ናቸው የሰሙት። የልጅ ልጃቸውን ቀስቅሰው ባጃጅ አስጠሩ፤ ከተማው ውስጥ ያለ ክሊኒክ ወሰዱት። እህቴ ሐርጌሳ ሥራ ላይ እንዳለች በቪዲዮ ኮል ትጠይቃለች፣ የክሊኒኩ ጤና ረዳት ይመልሳል፤ ስልኩን ደግፎ የያዘው የስምንተኛ ክፍሉ ተማሪ ነበር። ሲነጋ ደህና ሆነ። በሳምንቱ ጅግጅጋ ሄዶ ታየ፤ መድኃኒቱ ተቀየረለት።

ከዚያ በኋላ እህቴ አለቀሰች። «አየህ አባዬ? እኔ ጋ ብትሆን ኖሮ!» አባቴ ትንሽ ዝም አለና «ልጄ፣ በዚያች ሌሊት አንቺ የት ነበርሽ?» አላት። ተረኛ ነበረች። «ባልሽስ?» በርበራ መኪና ሊያነሳ ሄዷል። «ታዲያ አንቺ ቤት ብሆን ማን ይሰማኝ ነበር? ሁለቱ ሕፃናት?» ሊያስከፋት አልነበረም፤ እየቆጠረ ነበር። እሷም ቆጠረች። ቤት ስንፈልግ የጠየቀቻት የመጨረሻዋ ጥያቄ፣ ማታ ግቢው ውስጥ ማን ያድራል የምትለዋ፣ መልሷ ኤዶ ነበሩ።

ይህን የምጽፈው ሁሉም ሰው አባቱን ኬላ ላይ ያስቀምጥ ለማለት አይደለም። ብዙዎቻችሁ ወላጆቻችሁ የሚሄዱት ሩቅ ነው። ግን ሩቁም ቢሆን ጥያቄው ያው ነው። ካናዳን ውሰዱ፤ ለወላጆችና ለአያቶች «ሱፐር ቪዛ» የሚባል አላት፣ ከ2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአንድ ጊዜ እስከ 5 ዓመት መቆየት ያስችላል። አምስት ዓመት ረጅም ነው፤ ሆኖም ስሙ ጉብኝት ነው። የልጅየው ገቢ ይታያል፤ የጤና መድን ተገዝቶ መቅረብ አለበት። ማለትም እዚያም ሰውየው በልጁ ደመወዝና በልጁ ጣሪያ ሥር ነው የሚኖረው። ከመሄዱ በፊት ማሰብ ያለበት እሱ ብቻ ሳይሆን እናንተም ናችሁ፤ ስልኩም፣ ቅጹም፣ ኦንላይን ማመልከቻውም እናንተ እጅ ላይ ስለሆነ።

ስለዚህ ከእኛ ቤት የተረፈውን ላካፍላችሁ። ቤት ከመሸጣችሁ በፊት የሙከራ ጊዜ ይኑር። ኪራዩን ገቢው በሚመጣበት ገንዘብ ቁጠሩት፤ ገቢው በብር፣ ወጪው በዶላር ከሆነ ሒሳቡ በየወሩ ይለወጣል። መድኃኒቱን ከነማዘዣው፣ ቢያንስ ለሚቆይበት ጊዜ የሚበቃ ያህል ያዙ። «ማን ያስተዳድረዋል?» ብቻ ሳይሆን «ሌሊት ማን ይሰማዋል?» ብላችሁ ጠይቁ። ደግሞ ቁልፍ ይኑረው፤ የራሱ በር፣ የራሱ ቁልፍ። አንድ ክፍልም ብትሆን።

ሦስቱ ወር ባለፈው ሰሞን አለቀ። እህቴ ሐርጌሳ ውስጥ ሦስት ክፍል ያለው ቤት እየፈለገች ነው፤ ለብቻው መግቢያ ያለው ክፍል ካገኘች አባቴ «አስብበታለሁ» ብሏታል። የጀሞው ቤትም እንዳለ ነው። ለጊዜው ግን ለኤዶ የሦስት ወር ኪራይ ጨምሮ ከፍሏል። ልጠይቀው ልሄድ ስል «ከአዲስ አበባ ምን ላምጣልህ?» አልኩት። ሽሮና በርበሬ ይለኛል ብዬ ነበር።

«የስምንተኛ ክፍል የሂሳብ መጽሐፍ» አለኝ። «አዲሱን ነው ታዲያ፤ የድሮውን እንዳታመጣ። አምስት ይሁን።»